የእናቴ ልብ ምት፣ የእንቅርት ኪኒኗና ከውጭ የመጣው አዮዲን፦ የቱን ላስቁም?

ጥያቄ፣ ከአማኑኤል ከተማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ56 ዓመት እናቴን ይዤ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በእንቅርት ምክንያት ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ሐኪሙ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገቷን ዕጢ ሁሉ አላወጣውም፤ በግራ በኩል ትንንሽ እባጮች ያሉበት ክፍል ቀርቷል። ከዚያ ጀምሮ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ትወስዳለች። መጀመሪያ የታዘዘላት 75 ማይክሮ ግራም ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን የደም ምርመራዋ አልተስተካከለም ተብሎ ወደ 100 ከፍ ተደረገ።

ይኸው አንድ ወር ሆናት፣ ልቧ ድው ድው እያለ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች። ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ማለዳ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት እርሷን ያልባታል። የጥምቀት ቀሚሷ በአንድ ወር ውስጥ ሰፍቷታል። «ይህ ኪኒን ልቤን ሊያወጣው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ አልውጠውም» ትላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያለው አጎቴ ለገና በሰው እጅ የአዮዲን እንክብል ላከላት። «ለእንቅርት ፍቱን ነው» ብሎ ስለነገራት ከገና ማግስት ጀምሮ በቀን አንድ ትወስዳለች። ብልቃጡ ላይ 12.5 ሚሊ ግራም ይላል። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትጾም የዋለችበት ዓመት የለም። የሚያስቸግራት የትኛው ነው? ኪኒኑንስ ብታቆመው ምን ይመጣል?

መልስ፣ ነርስ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የማያስተኛውን ልንገርሽ። እናትሽ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ የልባቸው ምት አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚዘል ከሆነ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ትኩሳት ይዟቸው ከቀባዠሩ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰዱ። እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ አሁን አረፍ ብለው ይቀመጡና በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓቸው ላይ ሁለት ጣትሽን አድርገሽ ምቱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥረሽ በሁለት አታባዢው፤ የሚዘል ምት ካለ የሚታወቀው ሙሉውን ስትቆጥሪ ነው።

ከዚያ ይህን መልሺልኝ፦ ኪኒኑን የሚውጡት በስንት ሰዓት ነው? ከምን ጋር? በቅርቡስ በአወሳሰዳቸው ላይ የተለወጠ ነገር አለ?

መልስ፣ ከደንበጫ

እኔ ደግሞ አዮዲኑን አታስቁሚ ባይ ነኝ። እንቅርት የሚመጣው በአዮዲን እጥረት መሆኑን ተማሪ ቤት ተምረናል። አያቴም አክስቶቼም አንገታቸው እያበጠ ነው ያረጁት። አዮዲን በጊዜው አግኝተው ቢሆን ኖሮ ባልሆነ ነበር። ጥፋቱ የኪኒኑ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆጠርኩት፤ 112 ነው፣ ግን አይዘልም። የደረት ሕመምም የላትም።

ስለ አወሳሰዱ ሲጠየቅ ነው ያስታወስኩት። እናቴ ሦስቱንም ዓመት ኪኒኑን የምትውጠው ጠዋት ከፍርፍሩ በኋላ፣ አቦሉን እየጠጣች ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለእረፍት ስመጣ አየሁና «ይህ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው» ብዬ አስተካከልኩላት። ከዚያ ወዲህ ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ በውኃ ትውጥና ቡናውን የምትጠጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጥፋት ሠርቼ ይሆን?

መልስ፣ ፋርማሲስት ከቡሬ

ጥፋት አልሠራሽም፤ ያደረግሽው ትክክል ነው። የጎደለው ለሐኪሙ መንገር ብቻ ነው። አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ፤ በእናትሽ ላይ በአንድ ሰሞን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል።

የመጀመሪያው ይኸው ያስተካከልሽው ነው። ሌቮታይሮክሲን ከምግብና ከቡና ጋር ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ እናትሽ 75 ሲወስዱ ሰውነታቸው የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነበር። የደም ምርመራው «አልተስተካከለም» ያለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም ስለ አቦሉ የነገረው ስለሌለ መጠኑን ወደ 100 አሳደገው። አሁን በባዶ ሆድ ሲወስዱት ከ100ው ከቀድሞው የበለጠው ሰውነታቸው ውስጥ ገባ። ልብ ምት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ መክሳት፣ አንዳንዴም ተቅማጥ፣ እነዚህ ሁሉ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚታዩ ናቸው። ኪኒኑ ስላልተስማማ ሳይሆን መጠኑ ስለበለጠ ነው። ይህን ልዩነት ለእናትሽ ደጋግመሽ አስረጃቸው፤ ብዙ ሰው ኪኒኑን እስከነጭራሹ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አዮዲኑ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው 12.5 ሚሊ ግራም ማለት 12,500 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከቀኑ ፍላጎት ከ80 እጥፍ በላይ ነው። እዚያው አሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው ከፍተኛ የቀን ልክ 1,100 ማይክሮ ግራም ነው። አጎትሽ በፍቅር ነው የላከው፣ ግን በማይክሮና በሚሊ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑን አላየም።

ወንድሜ ከደንበጫ፣ የተናገርከው ከቅን ልብ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። የደጋችን አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑን አጥቷል፤ የአያቶቻችን እንቅርት ከዚያ የመጣ ነው። ጨው አዮዲን ተጨምሮበት እንዲሸጥ በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመት አዮዲን የጠማው እባጭ ያለበት ዕጢ ድንገት ሲጥለቀለቅ፣ አንዳንዱ እባጭ የሰውነትን ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ሆርሞን ያመርታል። ሌላው ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ትርፍ አዮዲን ዕጢውን አፍኖ ሥራ ያስፈታዋል። እናትሽ ከግራ በኩል የቀረላቸው ክፍል እባጭ ያለበት ስለሆነ ፍርሃቴ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ አዮዲኑ ዛሬውኑ ይቁም። ሌቮታይሮክሲኑን ግን በራሳችሁ አትጣሉት፣ በራሳችሁም አትክፈሉት፤ ወደ ቡናውም አትመልሱት። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራላቸው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ይህ ቁጥር ይወርዳል። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂና አሳዪ፤ የቡናውንም ታሪክ ሳታፍሪ ንገሪ። የልብ ምቱን የሚያበርድ ፕሮፕራኖሎል ሊያዝላቸው ይችላል፤ አስም ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ለአስም በሽተኛ አይሆንም። አጎትሽ የጸጉርና የጥፍር ቫይታሚን ጭምር ልኮ ከሆነ ደግሞ ባዮቲን የሚለውን ፈልጊበት። ባዮቲን የምርመራውን ውጤት ያሳስታል፤ ደም ከመስጠታቸው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት መቆም አለበት፤ ወስደውት ከሆነም ለሐኪሙ ይነገር።

ትዕግሥትም ያስፈልጋችኋል። ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ የአዮዲኑ ጣጣ ደግሞ ካቆሙትም በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

መልስ፣ ከቢቸና

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ነፍሴ የተረፈችበት ጉዳይ ነው። የእኔ ሕመም ከእናትሽ የተለየ ነበር፤ ዕጢዬ ከልክ በላይ የሚሠራ ስለነበር ፒቲዩ የሚባለው መድኃኒት ታዘዘልኝ። ይህኛው ሆርሞን የሚቀንስ ነው፣ የእናትሽ ደግሞ የሚተካ። ሁለቱም «የእንቅርት ኪኒን» ይባላሉ። ጎረቤቴ «ያው እንቅርት ነው» ብላ ከእኔ ልትበደር መጥታ ነበር፤ ብሰጣት ኖሮ ምን እንደሚደርስባት ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ።

መድኃኒቱን በጀመርኩ ሰሞን ሰውነቴን ያሳክከኝ ነበር፤ ለሐኪም ነግሬ በማሳከክ መድኃኒት ተሻለኝ። በሰባተኛው ሳምንት ግን ጉሮሮዬን አቆሰለኝና ትኩሳት ያዘኝ። ጉንፋን ነው ብዬ በዝንጅብልና በጤና አዳም ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ አዝሎ ሐኪም ቤት ሲያደርሰኝ ነጭ የደም ሴሎቼ ተመናምነው ተገኙ። መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተቋረጠ። መድኃኒቱን ሲሰጠኝ «ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ካየሽ ኪኒኑን አቁመሽ ነይ፣ ደምሽ ይመርመር» ያለኝ ሰው አልነበረም። ፒቲዩን ወይም እንደ እሱ ሆርሞን የሚቀንሱትን ካርቢማዞልንና ሜቲማዞልን የምትወስዱ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። ሽንት እንደ ጠላ ሲጠቁር ወይም ዓይን ቢጫ ሲሆንም ጉበት ተነክቶ ይሆናልና እንዲሁ አትቆዩ። እኔ በኋላ በቀዶ ጥገና ዳንኩ፤ ዛሬ የምወስደው እንደ እናትሽ ሌቮታይሮክሲን ነው።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። እኔም ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ ለልጁ ፈርታ አስቁማኛለች።

መልስ፣ ነርስ ከደብረ ማርቆስ

ዛሬውኑ ጀምሪ እህቴ፣ አማትሽንም አደራ አስረጃቸው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በአንቺ ሆርሞን ነው፤ የሚጎዳው መድኃኒቱ ሳይሆን ማጣቱ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልግሽ መጠን ስለሚጨምር በዚሁ ሳምንት ተመርመሪ። ለእርጉዝ የሚሰጠውን የብረት ኪኒን ከዚህኛው አራት ሰዓት አራርቂው፤ ካልሲየምም እንዲሁ። አብረው ከተዋጡ ሌቮታይሮክሲኑ አንጀት ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

መልስ፣ መሪጌታ ከሞጣ

ልጄ፣ ስለ ጾሙ የመለሰልሽ ሰው ስላላየሁ ነው። ባለቤቴ ይህንኑ ኪኒን ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኛም በመጀመሪያው ሁዳዴ ተጨንቀን ነበር። ሐኪሟ «ማታም ይሆናል» አላት። አሁን እራቷን አንድ ሰዓት ላይ ትጨርሳለች፤ ከዚያ ምንም ሳትቀምስ አራት ሰዓት ላይ በውኃ ውጣ ትተኛለች። ሆዷ ሦስት ሰዓት ያህል ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ ጾሟም አይነካባትም። ሰዓቱን በየቀኑ አንድ ዓይነት ታደርገዋለች፤ ፋሲካ ሲሆን ወደ ጠዋት፣ ሲጾም ወደ ማታ እያለች አታመላልሰውም። ለእራት የሚጠጣውን ተልባም ትታዋለች፤ ከኪኒኑ ጋር ከተቀራረበ መድኃኒቱን ያስቀረዋል ብለዋታል።

እናትሽ ግን ዘንድሮ ልባቸው እንዲህ እየመታ፣ ሰውነታቸው እየከሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል የለባቸውም። የንስሐ አባታቸውን አምጪና ፊት ለፊት ይነጋገሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ማቅለያ አላት፤ አንቺ ስትከለክያቸው ጥል ይሆናል፣ አባት ሲፈቅዱላቸው ግን ልባቸው ያርፋል። ጸበላቸውንም ይጠጡ፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠን አንዱ እግዚአብሔር ነው።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ሁሉንም ነገር ተናገርኩ። የደሙ ናሙና ወደ ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ በአምስተኛው ቀን ደረሰ፤ ቲኤስኤቿ 0.05 ነበር፣ እጅግ የወረደ ማለት ነው። የልቧ ምት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሌቮታይሮክሲኑን ለጥቂት ቀናት አሳርፎ ወደ 75 መለሰው፤ አስም እንደሌለባት ጠይቆ ፕሮፕራኖሎል አዘዘላት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ትመረመራለች። ትናንት ምቷን ስቆጥር 84 ነው። ከትናንት በስቲያ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ስታድር እኔ ነኝ ደግሜ ደግሜ እየተነሣሁ ያየኋት።

የንስሐ አባቷም መጡ። «ዘንድሮ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል» አሏት፤ አለቀሰች፣ ግን እሺ አለች።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እንግዲህ አዮዲን ክፉ ከሆነ የቤቱን ጨውስ እንተወው? ለእንቅርት አይሆንም የሚባለው ጎመንስ? ብልቃጡንም ጎረቤታችን እማማ «ለእኔም እንቅርት ይሆነኛል፣ ስጪኝ» እያሉ ነው።

መልስ፣ ፋርማሲስት ከቡሬ

እንኳን ደስ ያለሽ። ጨዉን አትተዉት። አዮዲን ያለው ጨው ቤተሰቡን ሁሉ የሚጠብቅ ነው፤ በወጥ ውስጥ የሚገባው መጠን ከዚያ እንክብል ጋር አይወዳደርም። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ምድጃ አጠገብ ባለ ክፍት ገንቦ ካስቀመጣችሁት አዮዲኑ ይተናል። ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመርበት። ለከብት የሚገዛውን አሞሌ ግን ለወጥ አትጠቀሙበት፤ አዮዲን የለውም። ጎመን በደንብ ተቀቅሎ እንደ ወትሮው ቢበላ ጨዉ ካለ ችግር የለበትም።

ብልቃጡን ለእማማ አትስጫቸው። እርሳቸውንም አንገታቸው ሳይታይ፣ ደማቸው ሳይመረመር እናትሽ ያለፉበት መንገድ ላይ እንዳታወጫቸው። እናትሽ ለቀጠሮ ሲሄዱ እርሳቸውም አብረው ይሂዱ፤ እንክብሉን እዚያው ለመድኃኒት ክፍሉ መልሺው፣ ያስወግዱልሻል።