ክረምቱን ለምትቆም የስፖርት መኪና የባትሪ መጠበቂያ ቻርጀር ገመድ እንዴት ይገጠማል?

የሱሉልታ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በ2007 እ.ኤ.አ. የተሠራች ፖርሽ ቦክስተር አለችኝ። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ ፒስታ ነው፤ መኪናዋም ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ መንገዱን ካቦካው በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ከቆርቆሮ ጥላዋ ሥር አላወጣትም።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁልፉን ብጫን ምንም መልስ አጣሁ። ባትሪው ያለው ከፊት ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ የዚያ ክዳን መክፈቻ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ባትሪው ጋ መድረስ አልተቻለም። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ክዳኑን በካቻቪቴ ሊፈለቅቅ ሲሞክር ቀለሙን የጣት ርዝመት ያህል ጫረው፤ ጭረቱ ዛሬም አለ።

ዘንድሮ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ የባትሪ መጠበቂያ ቻርጀር (ባትሪውን ሞልቶ ሳይወርድ የሚያቆይ) አምጥቶልኛል። ከካርቶኑ ውስጥ መቆንጠጫ ያለው ገመድና ጫፎቹ ላይ ቀለበት ያለው ሌላ ገመድ ይገኛል፤ እኔ ባለ ቀለበቱን በቋሚነት መግጠም እፈልጋለሁ። መኪናዋ ተቆልፋ ሳለ በቴስተር ስለካ 40 ሚሊ አምፔር ያህል ትጎትታለች፤ ባትሪው ባለ 70 አምፔር ሰዓት ነው። ጥቁሩ ገመድ ባትሪው ላይ ይታሰር ወይስ ቦዲው ላይ? ጫፉንስ በየት በኩል ላውጣው? መብራት በየጊዜው በሚሄድበት አካባቢ ቻርጀሩን ለወራት ሰክቶ መተው ያሰጋል?

የለቡ መካኒክ፦
ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 40 ሚሊ አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 1 አምፔር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህ ባትሪዎ አዲስ እንኳ ቢሆን በ36 ቀን ገደማ ግማሹን ይጨርሳል። የሊድ ባትሪ ወርዶ ሲቆይ ሰልፌት የሚባለው ጨው በውስጡ ባሉት ሰሌዳዎች ላይ እየጠጠረ ስለሚሄድ፣ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። ያለፈው ክረምት ባትሪ ከሆነ፣ ሞልተው ለአንድ ሌሊት ካሳደሩት በኋላ ይለኩት፤ 12.6 ቮልት ካላሳየ በዚያ ላይ አይድከሙ።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ። ዘመድዎ የመጣው ከአሜሪካ ከሆነ መሣሪያው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላልና በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ችግር የለም።

ሲገጥሙ መጀመሪያ የነጌቲቩን ተርሚናል በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተው ከባትሪው ያርቁት፤ በፖዘቲቩ ከጀመሩ ቁልፉ ቦዲውን በነካበት ቅጽበት እሳት ይረጫል። ቀዩን ቀለበት ተርሚናሉን በሚያጠብቀው ብሎን ላይ፣ ከዳዶው ሥር ያስገቡት እንጂ በባትሪው ራስና በተርሚናሉ መካከል አይሰንቅሩት፤ እዚያ ከገባ ተርሚናሉ አጥብቆ አይነክስም፣ ሞተር ሲነሳም ይግላል። በእርስዎ መኪና ነጌቲቭ ላይ የሚገባና የሚወጣውን ቻርጅ የሚለካ የባትሪ ሴንሰር ስለሌለ ጥቁሩን እዚያው ተርሚናሉ ላይ ማሰር ይችላሉ። ሴንሰር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ቦዲው ላይ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ የገባውን ቻርጅ አይቆጥረውም።

አጥብቄ የምለምንዎት በገመዱ ላይ ስላለው ፊውዝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ ይህንኑ ገመድ ሲያሳጥርልኝ የፊውዙን ቤት ቆርጦ ጥሎት ነበር። ከጊዜ በኋላ ገመዱ በክዳኑ ማጠፊያ ተፍቆ መዳቡ ቦዲውን ሲነካ፣ ላስቲኩ እስከ ባትሪው ድረስ ቀልጦ ጠቆረ፤ ያን ጊዜ ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ እንኳ አልተሰካም ነበር። አደጋው የሚመጣው ከራሱ ከባትሪው ስለሆነ፣ ፊውዙ በቀዩ ገመድ ላይ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት መቀመጥ አለበት። ከተቃጠለም በዚያው መጠን ብቻ ይተኩት፤ ሶማሌ ተራ በቀላሉ ይገኛል።

ሁለት መቀመጫ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። እኔም የዚያው ሞዴል ባለቤት ነኝ፤ ገመዱን ያወጣሁት በክዳኑ ኋለኛ ጠርዝ፣ ከዋይፐሩ ሥር ሲሆን፣ ሶኬቱ የጎማ ቆብ ስላለው አፉን ወደ ታች አድርጌ አስሬዋለሁ። ባትሪው ቢሞት እንኳ ክዳኑን ሳልከፍት ከውጭ ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ። የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ሲያነሱ በባትሪው ግራና ቀኝ ያሉትን የውኃ ማውረጃ ቀዳዳዎች በእጅዎ ይጥረጉ፤ የእኔ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍነው ውኃው የባትሪውን ማስቀመጫ ሞልቶት ነበር። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ያለችንን መንከባከብ ግድ ሆኖብናል።

ከለገጣፎ፦
ስለ መብራቱ ልጨምር። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ሰክተው ባትሪውን ሞልቶ ወደ መጠበቂያው ደረጃ እስኪገባ ይቆዩ፤ ከዚያ ነቅለው መልሰው ይሰኩትና ይመልከቱ። በራሱ ሥራውን ከቀጠለ ተስማሚ ነው፤ ቁልፍ እስኪጫኑለት የሚጠብቅ ከሆነ ግን መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ሥራ ስለሚፈታ እርስዎ እንደተጠበቀ እያሰቡ ባትሪው ይወርዳል። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ ለፍሪጅ የምንጠቀምበትን ዓይነት መከላከያ በመካከል ያድርጉበት። ቻርጀሩ የደከመ ባትሪ ማደሻ የሚል ምርጫ ካለው፣ ባትሪው ከመኪናዋ ጋር እንደተያያዘ እርሱን አይጫኑ፤ ቮልቴጁ እስከ 16 ቮልት ሊጠጋ ስለሚችል የመኪናዋን ኮምፒውተሮች ይጎዳል።

የሱሉልታ ነዋሪ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ሆኖ ስላገኘሁት ቅዳሜ ከሰዓት ገጠምኩት፤ ባትሪውንም በአዲስ ቀየርኩ። ከመጀመሬ በፊት የመኪናዋን መመሪያ ሳነብ ባለፈው ዓመት ማወቅ የነበረብኝን አገኘሁ፦ በሾፌሩ እግር በኩል ካለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የሚሳብ ቀይ ተርሚናል አለ፤ የሌላ ባትሪ ፖዘቲቭ እዚያ ላይ፣ ነጌቲቩ ደግሞ በሩ በሚቆለፍበት ብረት ላይ ሲያያዝ ክዳኑ ይከፈታል። ይህ ለክዳኑ ብቻ እንጂ ሞተር ለማስነሳት አይደለም። ባትሪውን መልሼ ሳስር መስኮቶቹ ጫፍ ድረስ አልወጡም ነበር፤ ቁልፋቸውን ተጭኜ እስከ መጨረሻው አውርጄ ሳወጣቸው ተስተካከሉ። ዛሬ ጠዋት ስለካው 13.4 ቮልት ያሳያል፤ ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበርና ቻርጀሩ በራሱ ሥራውን ቀጥሏል ማለት ነው።