አበባ በዕለቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስለ መላክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ታናሽ እህቴ በዚህ ክረምት ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። የምርቃቱ ቀን ገና በትክክል አልተነገረም። ቀኑ እንደታወቀ አዝዤ እቅፍ አበባ በዚያው ዕለት የሚደርስላት መንገድ ካለ፣ የሞከራችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የበዛ ነው።

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔም የጠባሴ ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ያወቅሁት ግን ተሳስቼ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር፣ እናቴ ከሆስፒታል በወጣች ጊዜ፣ «በዕለቱ እናደርሳለን» ከሚል የውጭ ድረ ገጽ ላይ ነጭ አበባ መርጬ ከፈልሁ። ያዘዝሁት እዚህ ቨርጂኒያ ቁርሴን በልቼ ነበር፤ በአገር ቤት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። እንዲህ ያለው ድረ ገጽ የራሱ አበባ የለውም፤ ትእዛዙን ለአንድ የአዲስ አበባ አበባ ቤት አስተላልፎ ድርሻውን ያስቀራል፣ አበባ ቤቱም በተረፈው ገንዘብ የቻለውን ያዘጋጃል። ሾፌሩ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ደብረ ብርሃን ሲገባ መሽቶበት፣ ቤቱም ጠፍቶበት፣ እዚያው አድሮ ጎሕ ሲቀድ በራችንን አንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳው መርዶ ነጋሪ ነው። እናቴ ጋቢዋን እንደተከናነበች ስትከፍት የማታውቀው ሰው ነጭ አበባ ታቅፎ ቆሟል። «ማን ሞተብኝ?» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ነቅሎ ወጣ። ድረ ገጹ የአማርኛ ፊደል ስለማይቀበል ካርዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበርና፣ ሾፌሩ ነገሩን እስኪያስረዳ አክስቴ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በድረ ገጽ አላዝም። በቀጥታ ለአበባ ቤቱ በቴሌግራም እጽፋለሁ፤ ሒሳቡን አገር ቤት ያለው ወንድሜ በቴሌብር ይከፍላል። የማዘው ማታ 4 ሰዓት ላይ ከመተኛቴ በፊት ነው፤ በአሜሪካ በጋ፣ ማለትም በአገር ቤት ክረምት፣ የሰዓት ልዩነታችን 7 ሰዓት ስለሆነ በአገር ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል፣ ባለሱቁም ሲከፍት መልእክቴ ይጠብቀዋል። «በዕለቱ» የሚባለው የእርሱ ዕለት እንጂ የእኛ አይደለም።

የአበባውንም ዓይነት ከፎቶ አልመርጥም፤ ዛሬ ምን ትኩስ ገብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ጽጌረዳ ነው፤ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ አበባ በብዛት ወደ ውጭ የምትሸጠው አገራችን በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ የምታለማው እርሱን ነውና፣ ሌላ ካልጠየቅሁ ለገንዘቤ የሚገባኝን ያህል አገኛለሁ። ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ እንዲልኩልኝም አደርጋለሁ።

ለምርቃት ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ይልቅ እዚያው ከተማ ለሠርግና ለምርቃት አበባ የሚያዘጋጁትን አስቀድመው በዘመድ በኩል ያነጋግሩ፤ ቀኑ እንደታወቀ በአንድ መልእክት ያልቃል። አበባው ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ሳይሆን ወደ ቤት ይሂድ፤ በዚያ ግርግር ሾፌር ተመራቂ ፈልጎ አያገኝም። በአድራሻ ብቻ ቤት ማግኘት ስለሚያስቸግር የእህትዎን ስልክ ሳይሆን የወንድም ወይም የጎረቤት ስልክ ይስጡ፤ ሾፌሩ ከተማው ሲገባ ይደውልና ሰው ወጥቶ ይቀበለው። ካርዱንም ባለሱቁ በእጁ በአማርኛ ይጻፈው፣ ስምዎም በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን።

ከደረሰ በኋላ ፕላስቲኩን እንዲያወልቁት ይንገሩ። እናቴ ውበቱ እንዳይጠፋ ብላ ከነፕላስቲኩና ከነሪባኑ ጆግ ውስጥ አቁማው ሥሩ በሁለት ቀን ሸተተ። ግንዱ በሰያፍ ተቆርጦ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ተነቅሎ፣ ውኃው በየሁለት ቀኑ ከተቀየረ የደብረ ብርሃን ብርድ ለጽጌረዳ ይመቸዋል፤ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ሙቀቱ ቶሎ ያጠወልገው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻ ደጅ አያድር፣ ውርጭ ያጠቁረዋል።

(ለለቅሶ የሚጠይቁኝም አሉ። እዚያ አበባውን ትቶ ገንዘቡን ለቤተሰቡ መላክ ይሻላል ባይ ነኝ።)

የአበባ ቤቱን አድራሻ በግል ከጻፉልኝ እልክልዎታለሁ።