የግሪሌ እሳት ቢጫ ሆነ፣ አንዱ ምድጃ ደግሞ ከማዞሪያው ሥር ነደደ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የካራው (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ካራ ነው፣ ከኮተቤ ከፍ ብሎ። ወንድሜ ከአሜሪካ ዕቃ በመርከብ ሲያስጭን ባለ 3 ምድጃ የጋዝ ግሪል ጨምሮ ላከልኝ። የራሱ ጎማ ጫፍ ከኛ ሲሊንደር ጋር አልገጥም አለ። አንድ የሰፈር ባለሙያ ቆርጦ ጣለውና እዚህ የሚሸጥ ጎማና ሬጉሌተር በፋሼታ አሰረልኝ። ለፋሲካ ሁለት ቀን ጠበስንበት፣ ምንም አላለም። ከዚያ ክረምት ገባ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሰርቪሱ ጀርባ አቆምኩት።

ባለፈው እሁድ ለልጄ ልደት አወጣሁት። ግራና መሐሉ በሩ፣ ግን እሳታቸው ቢጫና ደካማ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ፍርግርጉም ጥላሸት ለበሰ። የቀኙን ሳዞረው ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይበራም። ደጋግሜ ስሞክር "ቡፍ!" አለና እሳቱ የወጣው ከላይ ሳይሆን ከማዞሪያው ሥር ነው። የክንዴ ፀጉር ሄደ። ባለቤቴ "ይሄን ነገር ለቆራሌው ስጠው" ብላለች።

ሲሊንደሩ ባለ 12.5 ኪሎ ነው፣ ከተሞላ ሦስት ሳምንቱ። ጎረቤቴ "ጋዙ በርዶት ነው፣ ሲሊንደሩን አጋድመው" አለኝ። ሌላው "ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው" አለ። ለገና እንግዳ ጠርቻለሁ። ምን ላድርግ?

ቧንቧ ሠራተኛው

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ፊትህን አተረፈልህ። ከማዞሪያ ሥር እሳት የወጣበትን ግሪል ሳታጸዳ ዳግም እንዳትለኩስ። ያ ምልክት አንድ ነገር ነው የሚናገረው፦ ጋዙ በምድጃው ቱቦ ውስጥ ማለፍ አቅቶት ወደ ኋላ ተመልሷል።

ዘጋቢው ማን መሰለህ? ሸረሪት። ቀልድ አይደለም። ወራት የቆመ ግሪል ቱቦው ውስጥ ድር ያደራበታል፤ አንዳንዴ ተርብም ጭቃ ትለጥፍበታለች። ድሩ ስስ ነው፣ ግን ጋዙን ለመመለስ በቂ ነው።

እንዲህ አድርግ። ሲሊንደሩን ዝጋና ሬጉሌተሩን ንቀል። ፍርግርጉን፣ ከሥሩ ያለውንም ቆርቆሮ አንሳ። ከዚያ ሦስት ረዣዥም የብረት ቱቦዎች ታያለህ፤ ምድጃ የምንላቸው እነሱን ነው። እያንዳንዱ በአንድ ብሎን ወይም በሽቦ ፒን ተይዟል። ፈትተህ ወደ ኋላ ሳበው፣ ከኖዝሉ (ጋዙን ወደ ቱቦው ከሚለቀው ጠባብ ጫፍ) ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። አፉ አጠገብ አየር የሚገባበት መስኮት አለው። ወደ ፀሐይ ይዘህ በአፉ አጮልቀህ እይ። ብርሃን ካልታየህ ሸረሪቷን አገኘሃት ማለት ነው።

ለማጽዳት የልጅህን የጡጦ ብሩሽ ረዥም ሽቦ ላይ እሰረው (ከዚያ በኋላ አዲስ ግዛላት)። ከላይ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ወጋ ወጋ አድርግ። ኖዝሉን ግን በመርፌ እንዳትነካው! የሱ ቀዳዳ በልክ የተበሳ ነው፤ ትንሽ ከሰፋ ጋዙ ይበዛብሃል። ስትመልሰው የኖዝሉ ጫፍ በቱቦው አፍ ውስጥ መግባቱን በዓይንህ አረጋግጥ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ጋዙ ከውጭ ይነዳል።

ሼፍ በትርፍ ጊዜ

ምንም አትድከም ብሮ። እኛ ኩሽና ውስጥ ያለውን ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ግጠምበት፣ ያ የሚዞረው። እሳቱ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል፤ አንድ ኪሎ ሥጋ በአምስት ደቂቃ!

ቧንቧ ሠራተኛው

@ሼፍ በትርፍ ጊዜ ወንድሜ፣ ያንተ ኩሽና ምድጃ ለዚያ ግፊት የተሠራ ነው። የቤት ግሪል ማዞሪያና ቱቦ አይችለውም። በተዘጋ ቱቦ ላይ ያን ግፊት ብትለቅበት ኖሮ የሚሄደው የክንድ ፀጉር ብቻ አይሆንም ነበር።

ሜካኒካል ነኝ

ልክ ነህ። ቁጥሩን ልጨምርበት። ለፕሮፔን የተሠራ የአሜሪካ ግሪል የሚፈልገው ግፊት 28 ሚሊባር አካባቢ ነው። ለቤት የሚሸጡት ዝቅተኛ ግፊት ሬጉሌተሮች ብዙዎቹ 28 ወይም 30 ይላሉ፣ ስለዚህ ይስማማል። ሬጉሌተሩ ላይ የተጻፈውን አንብብና ንገረን።

ሁለተኛ፣ ከግሪሉ ጀርባ ወይም በሩ ውስጥ የተለጠፈውን እይ። "ፕሮፔን" ወይም "ኤልፒ" (የሲሊንደር ጋዝ ማለት ነው) ካለ ደህና ነው። "ናቹራል ጋዝ" ካለ ግን አቁም። እነሱ አገር በቧንቧ ቤት ድረስ ለሚመጣ ጋዝ የተሠራ ነው፤ የኖዝሉ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በኛ ሲሊንደር እሳቱ ከልክ በላይ ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አንተ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያልክ ነህ። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። (ባሕር ዳርቻ ያልኩት ምጽዋን እንጂ ባሕር ዳርን አይደለም፣ እሷም ከፍታ ላይ ናት!) ግሪሉ የተለካው ለቆላ አየር ነው። እዚህ ጋዙ ያው ሆኖ አየሩ ሲያንሰው በደንብ አይቃጠልም፤ ይቢጫል፣ ጥላሸት ይሠራል። ከቱቦው አፍ አጠገብ የሚዞር ወይም የሚንሸራተት የአየር መዝጊያ ካለ ብሎኑን ላላ አድርገህ በጥቂት በጥቂቱ ክፈተው። ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ነካ ያደረገው ሰማያዊ እሳት ጥሩ ነው። እሳቱ ከቱቦው ተነስቶ የሚንሳፈፍና የሚነፋ ከሆነ አየሩን አብዝተሃል፣ መልሰው። አንዳንድ አምራቾች ለደጋ ቦታ ጠበብ ያለ ኖዝል ይሸጣሉ፤ ወንድምህን በሞዴሉ ቁጥር ጠይቅልኝ በለው።

የገላን እናት

ልጄ፣ ሲሊንደር የሚያጋድመውን ጎረቤትህን አትስማ። ውስጡ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጎማው መውጣት ያለበት ከላይ ያለው ትነት ነው። ስታጋድመው ፈሳሹ ራሱ ይወጣና እሳቱ በአንዴ ይተፋል። እኔ ሊያልቅ ሲል የማጋድም ሰው ነበርኩ፣ ለምጄው። አንድ ቀን እሳቱ መጋረጃዬን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ካለቀ አለቀ ነው።

ሙቅ ውሃውም እንደዚያው። ማታ ማታ ሲበርድ ጋዙ እንደሚደክም አውቃለሁ፤ መፍትሔው ግን ሙላት ያለው ሲሊንደር መጠቀም፣ ካልሆነም ፀሐይ ሳለ መጥበስ ነው።

ጎማህንስ አይተኸዋል? ከሰርቪስ ጀርባ ነው ያልከው። እኛ ሰፈር አይጥ ጎማ ይበላል። ላርጎ በውሃ በጥብጠህ በስፖንጅ ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ግሪሉ ቀባው። የግሪሉ ማዞሪያዎች ሁሉ ተዘግተው ሲሊንደሩን ክፈት። አረፋ ካበጠ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፤ ምን እንደምለው አላውቅም።

ሜካኒካል ነኝ

@የገላን እናት እናታችን የብርዱን ነገር በትክክል ነው ያዩት። ከሲሊንደር ጋዞች ቡቴን የሚባለው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይተናል። ቡቴን የበዛበት ሲሊንደር በታኅሣሥ ማታ ካራ ላይ ቢደክም አይገርምም። ደግሞም ጋዙ ሲተን ሲሊንደሩን ራሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስትጠብስ ቆይተህ ሆዱን ብትነካው በረዶ ነው።

ጋዝ መኖሩን ለማወቅ መነቅነቅ አያስፈልግም፣ መዝነው። ባዶ ክብደቱ ሲሊንደሩ ላይ ተመትቷል፤ እሱን ቀንስ። 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚል ግሪል ሁሉም ምድጃ ሙሉ ሲነድ በሰዓት 0.7 ኪሎ ያህል ይበላል። ስለዚህ 12.5 ኪሎ ወደ 18 ሰዓት ገደማ ያስኬድሃል።

የሱሉልታ ነዋሪ

ጥያቄውን ልጥለፈውና፣ የኔም ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ግን የራሱን ሬጉሌተር አልቆረጥኩም፤ ማገናኛ አስገብቼ ነው የምጠቀመው። አንዳንዴ በደህና ቀን እሳቱ ድንገት ሻማ ያህላል። የኔም ሸረሪት ነው?

ሜካኒካል ነኝ

@የሱሉልታ ነዋሪ ያንተ ሌላ ነው። እነዚያ የአሜሪካ ሬጉሌተሮች ጎማው የተቆረጠ ሲመስለው ጋዝ የሚቀንስ መከላከያ አላቸው። ሲሊንደሩን ፈጥነህ ከከፈትክ፣ ወይም የግሪሉ ማዞሪያ ክፍት ሆኖ ሲሊንደሩን ከከፈትክ ይደነግጣል። ሁሉንም ዝጋ፣ ሬጉሌተሩን ፍታ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ መልሰህ አጥብቀው። ሲሊንደሩን በቀስታ ክፈት፣ ከዚያ ነው ምድጃ የምትለኩሰው።

የካራው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ! ሬጉሌተሩ 30 ሚሊባር ይላል፣ ከጀርባውም "ኤልፒ" ተለጥፏል። ዛሬ ከሥራ ስመለስ እፈታዋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ለገና ካፊያ ቢመጣ በረንዳው ሥር ባደርገውስ? ወይም ሰርቪሱ ውስጥ በር ከፍቼ?

ቧንቧ ሠራተኛው

ሰርቪስ ውስጥ በፍጹም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሰው አፍኖ የገደለበትን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ ይሄም ያንኑ ሽታ የሌለው ጭስ ይሠራል፣ በተለይ እሳቱ ቢጫ ሲሆን። በር መክፈት አያድንም። በረንዳም ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ይነዳል። ከግድግዳ፣ ከቆርቆሮ አጥርና ከሸራ ቢያንስ 3 ሜትር ያህል አርቀው። ካፊያ ከሆነ ዣንጥላ የሚይዝ የእህት ልጅ አይጠፋም።

ደግሞ ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት መሬቱን ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የውሃ መውረጃ አጠገብ አታቁመው።

አለካኮሱ፦ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ሁልጊዜ። ሲሊንደሩን ክፈት፣ አንድ ምድጃ ብቻ አዙር፣ ለኩስ። በ5 ሰከንድ ካልያዘ ዝጋና 5 ደቂቃ ጠብቅ። እሁድ "ቡፍ" ያለህ ደጋግመህ ስትሞክር ጋዙ ተጠራቅሞ ነው። ከሸተተህ ግን ምንም አትለኩስ፣ መብራትም አታብራ። ሲሊንደሩን መዝጋት ከቻልክ ዝጋ፣ ቤተሰቡን አርቅ። ከእጅህ ካለፈ 939 ደውል፣ የእሳት አደጋ ናቸው።

የካራው (ጠያቂ)

መጣሁ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቀኙ ቱቦ ውስጥ ጥጥ የመሰለ ድር፣ ከድሩም ጀርባ አውራ ጣት የምታህል የጭቃ ጎጆ ነበር! የጡጦው ብሩሽ አልበቃም፤ የጃንጥላ ሽቦ ጨመርኩበት። መሐሉም ትንሽ ድር ነበረው።

የባሰው ግን ጎማው ነው። ስጠቀልለው ከመንኮራኩሩ ሥር ታጥፎ ኖሯል፤ ለካ እሳቱ የደከመው ለዚያ ነው። እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ላርጎ ስቀባው አረፋው እንደ ልጆች ፊኛ አበጠ። እሁድ ከሱ አጠገብ ሲጋራ ያጨሰ አጎት ነበረኝ፤ ላስበውም አልፈልግ። ለጋዝ የተሠራ አዲስ ጎማ ከነፋሼታው ገዛሁ፣ ደግሜ ቀባሁ፣ አረፋ የለም።

ለኮስኩት። ሦስቱም ያዙ። አሁንም ግን ቢጫነት አለው። የአየር መዝጊያውን በካቻቢቴ ላላ አድርጌ ትንሽ ስከፍተው እሳቱ ወደ ሰማያዊ ሲዞር ባለቤቴ ራሷ "እሺ፣ ቆራሌው ይቆይ" አለች።

ሼፍ በትርፍ ጊዜ

እንኳን ደስ አለህ። የሬጉሌተሩን ነገር ተምሬያለሁ። አሁን እኔም የምችለውን ልበል፦ የበግ ሥጋ ከሆነ ላቱን ፍርግርግ ላይ እንዳትጥለው። ይቀልጥና ሥር ባለው ሳህን ይጠራቀማል፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ሲይዘው ግሪሉ ሙሉ ይነዳል። የጥብስ ሥጋህንም ስብ ቀንስለት። ሳህኑን ደግሞ ከመለኮስህ በፊት ባዶ አድርገው፤ የፋሲካው ስብ አሁንም እዚያው ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ስቡ ከነደደ ጋዙን ዝጋ፣ ጨው ወይም አሸዋ በትንበት። ውሃ እንዳትደፋ፣ እሳቱን ይረጨዋል።

ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ ካጸዳኸው በጨርቅ ጥረገው። አንዲት የሽቦ ፀጉር ሥጋ ላይ ተጣብቃ ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች።

የካራው (ጠያቂ)

ሳህኑን አየሁት፣ ውርርዱን በልተሃል። ረግቶ ሻማ መስሏል። ላቱን እናቴ ለወጧ ወስዳዋለች።