ኡራ ኪዳነ ምሕረት፦ ሕንፃውን ከየት ጀምረን እንየው?

ሽምብጥ
ስድስት ሆነን ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ ዘጌ ወዳለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ልንሻገር ነው፤ ሁለት እናቶችና ሁለት ሕፃናት አሉን። ስለ ሥዕሉ ሁሉም ያወራል። እኔ ግን ሕንፃውን ራሱን መረዳት ፈልጌ ነበር። አንዱ «የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ይላል፣ ሌላው «የ16ኛው»። የቱ ነው ልክ? ለቀንና ለሰዓትም ምክር ስጡን። ሐይቁ ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳምስ እግረ መንገዳችንን ብንጨምር?

ጎጆ ቤት
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ነገር ነው። 14ኛው ገዳሙ የተመሠረተበት ዘመን ነው፤ ትውፊቱ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። አሁን የቆመው ሕንፃ የ16ኛው ነው ይባላል። ሥዕሎቹ ከሁለቱም ያንሳሉ፤ አብዛኞቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በተለያየ ጊዜ የተሣሉ ናቸው። አስጎብኚ «ሁሉም 700 ዓመቱ ነው» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ሥዕሉን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ ከውጭ አንድ ዙር ዙሩና ጣሪያውን ተመልከቱ። ጉልላቱ ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎች ናቸው፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ሁሉ እግዚአብሔርም ሕዝቡን ይጠብቃል ለማለት ነው። ስትገቡ የመጀመሪያው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራዎች የሚዘምሩበት። ቀጥሎ ቅድስት፣ ቆራቢው የሚቆምበት። መሐሉ መቅደስ ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባበት የለም። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው፣ በክቡ ውስጥ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን መሆኑን ነው። ሥዕሉ ያለው በእነዚያ አራት ግድግዳዎች ላይ ስለሆነ አራቱንም ካልዞራችሁ ግማሹ ይቀርባችኋል።

የአሠራሩ ነገር ከገበሬው ጎጆ ብዙም አይርቅም፤ እንጨት፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ሾጣጣ ጣሪያ።

ቀለም
ከላይ ያለው ላይ ልጨምር። ሥዕሉ በቀጥታ ጭቃው ላይ አይደለም፤ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት የጨርቁ ክር ይታያል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ጭቃው ውሃ ይጠጣል፣ ጨርቁ ይነፋና ይላቀቃል። የሌሊት ወፍ ኩስ አለ፣ የጎብኚ እጅ አለ። በጣት አታመልክቱ፤ ፍላሽም አጥፉ።

ለልጆቹ ዓይን እንዲቆጥሩ ንገሯቸው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ከዚያ በላዔ ሰብን ይፈልጉ። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት ያገኘው እሱ ነው። የኪዳነ ምሕረት ቤት ስለሆነ እዚህ መሣሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ደንገል
ወንድሜ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፤ ደጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። እናቶችን ጀልባ ላይ ከምታስጠብቅ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ይሻላል፤ እዚያ ይገባሉ።

ጀልባው እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ሕፃን የያዘ ሰው ያስጨንቃል። ከወደቡ በቡናው ጫካ መሐል ዳገት አለ፤ ለእናቶች ምርኩዝ ያዙላቸው።

ቀኑን በቅዳሴ ምረጡ። እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና በሌላውም ጾም ከቀትር ጀምሮ ነው። ቅዳሴ ላይ ሥዕል እየዞሩ ማየት የለም፤ ስለዚህ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ብትደርሱ ቤቱ ጸጥ ይላል። የካቲት 16 ንግሥ ስለሆነ ለበረከት ሂዱ እንጂ ሕንፃ አያለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ክፍያው በየገዳሙ ለየብቻ ነው፤ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

ሽምብጥ
እግዜር ይስጥልኝ። ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንስ በዚያው ቀን ይደረሳል?

ደንገል
አይመከርም፤ ደቅ ደሴት ድረስ ደርሶ መልስ ቀኑን ይጨርሰዋል። ሕፃናቱን ይዛችሁ አትሞክሩት።

ቀለም
ለብቻው ቀን ስጡት። የ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ነው። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችው ራሷ እቴጌዋ ናት። ከኡራ በኋላ ብታዩት ይሻላል፤ የፊቱ ጥላና የመደቡ ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ሲሸሽ ልዩነቱ ቶሎ ይገባችኋል።