የእመቤታችንን ጥላ በምን ቀለም ልሣል?

ጥያቄ፦ የቢቸናው ሠዓሊ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቢቸና አካባቢ ለምትገኝ የገጠር ኪዳነ ምሕረት ሥዕል እየሠራሁ ነው። ለየካቲት 16 መድረስ አለበት። እንደ ጥንቱ በአቡጀዲ ላይ ሥዬ ነው በመቅደሱ የጭቃ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው። ብዙው አልቋል፤ በላዔ ሰብእ ላይ ግን ቆሜአለሁ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። 78 ሰው የበላው የቅምር አገር ሰው ለአንድ ቁስለኛ በማርያም ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ያ ጥርኝ ውሃ መዘነ። እኔ ከተማ የተማርኩት ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ጥላው በሌላው ወገን እንደሚወድቅ ነው። እንደዚያው ሣልኩት፤ ከልብሷ ሥር የወረደ ጥቁር ጥላ የውሃውን ሳህን ሸፈነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አሮጊት እናት የምሠራበት ዕቃ ቤት በር ላይ ቆመው አዩት። «ልጄ፣ ሚዛኑን ጥቀርሻ ምን አስነካው?» አሉኝ። ጥላዋ ነው አልኳቸው። «የእርሷ ጥላ ይጠቁራል?» ብለው አማትበው ሄዱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቅኔ ተማሪ፣ ሞጣ

እማማ ልክ ናቸው። መልአኩ ለእመቤታችን «የልዑል ኃይል ይጸልልሻል» ሲላት ጨለማ ይወድቅብሻል ማለቱ አይደለም። በግእዙ ጥላ ጽላሎት ነው፤ መጠለያ፣ መከለያ። ታቦት ሲወጣ የሚያዝለትን ጥላ አስብ፤ በወርቅ ዘርፍ ያጌጠ እንጂ የጠቆረ አይደለም። የቀደሙት ሠዓልያን በሰው ሥር ጥላ የማይሥሉት ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለማይመጣ ይመስለኛል። መጎናጸፊያዋን በሚዛኑ ላይ ዘርጋው።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

ያደግሁት ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እየተሳለምኩ ነው። ፊደል ሳልቆጥር ደጉንና ክፉውን የለየሁት በሥዕሎቹ ዓይን ነበር፤ ቅዱሱ ሙሉ ፊቱን በሁለት ዓይን ያየናል፣ ክፉው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በላዔ ሰብእን እንዴት ሠራኸው? እኔ ብሆን ሲበላ በጎን፣ ውሃውን ሲሰጥ ግን ፊቱን ወደ እኛ መልሼ እሥለው ነበር።

የቢቸናው ሠዓሊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም በጎን ሠርቼው ነበር፤ ውሃውን የሚሰጥበትን እንደገና እሥላለሁ። ጥቁሩን ዛሬ ፍቄ አነሣሁት። የመጎናጸፊያዋን ሰማያዊ ቀጠን አድርጌ በጥብጬ እስከ ሳህኑ አወርደዋለሁ፤ ውሃው ከሥሩ ይታያል። የውሃ መያዣውንም እዚህ ሴቶቹ ከምንጭ በሚቀዱበት ቅል አምሳል ሣልኩት። እሑድ እማማን ጠርቼ አሳያቸዋለሁ።