የልጆች ዕድሜ ግምት በፍርድ ቤት፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሐኪሞች ስለ ልጆች ዕድሜ ግምት ለፍርድ ቤቶች የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ብንጨርሰው። መነሻዬ ባለፈው ወር የገጠመኝ ነው። ፖሊስ አንድ ልጅ ይዞ መጣ፤ ደብዳቤው «ዕድሜው ተመርምሮ ይገለጽ» ይላል። የግራ እጁን ራጅ አይተን «17 ዓመት» ብዬ ፈረምኩ። ችሎት ስቀርብ ጠበቃው «ዶክተር፣ 15 ሊሆን አይችልም?» አለኝ። ይችላል። ወረቀቴ ላይ ግን ያ አልተጻፈም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አንጻፍ። «ከዚህ እስከዚህ» እንበል፣ ምክንያቱንም እናስፍር።

ከጎንደር፦ እስማማለሁ። ራጁን የምናወዳድርበት አትላስ፣ ማለትም የየዕድሜው የእጅ ራጅ ምስሎች መጽሐፍ እኮ ከ80 ዓመት በላይ በፊት አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ኑሯቸው ደህና ከነበረ ልጆች የተሠራ ነው። እኛ ጋ ምግብ አጥሮት ያደገ ልጅ አጥንቱ ወደኋላ ይቀራል። በጉርምስና ዕድሜ ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። የአጥንቱ ማደጊያ ክፍተት አንዴ ከተዘጋ ደግሞ 18 ይሁን 22 ራጁ አይነግረንም።

ከሐዋሳ፦ ዶክ፣ እናንተ ተከሳሹን ልጅ እያሰባችሁ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የምጠራው ለተደፈሩ ልጆች ነው። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። 13 ከሞላትና ማስገደዱ ካልተረጋገጠ ወደ 626 ይወርዳል፤ መነሻው 3 ዓመት ነው። «ከ11 እስከ 14» ብዬ ከጻፍኩ ጥርጣሬው የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው። ያቺን ልጅ ምን ልበላት?

አስተባባሪ፦ ጥያቄሽ ከባድ ነው። ግን እኛ የማንም ወገን ምስክር አይደለንም። ለእሷ ስንል ያለማስረጃ ካጠበብነው፣ ነገ በሌላ ልጅ ላይም እናጠበዋለን።

ከአዲስ አበባ፦ እንግዲያው ራጅ መጀመሪያ አይሁን። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቀድሞ ይጠየቅ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ነው፤ ችሎት የሚመጡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ጥርስም ይታይ፤ ሁለተኛው ቋሚ መንጋጋ በ12 ዓመት ገደማ ይወጣል። ከሁሉም በላይ እናቲቱን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነው። «ታላቅ ወንድሟ አንደኛ ክፍል የገባ ዓመት፣ ለጥምቀት ሰሞን ነው የወለድኳት» ያለችኝ እናት ከራጁ የበለጠ ረድታኛለች።

ከሐዋሳ፦ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። ግን ልጅቷ ለምርመራ ከሆስፒታል ሆስፒታል አትንከራተት የሚል ይግባበት። እሱን አልለቅም።

ከጎንደር፦ የመጥሪያውንም ነገር ጨምሩልኝ። ጠዋት ተጠርቼ እስከ ቀትር በር ላይ ቆሜ፣ ቀጠሮው ተለወጠ። ዎርድ ውስጥ የቀረው ኢንተርኑ፣ ተለማማጅ ሐኪሙ ብቻ ነበር። ቁርጥ ያለ ሰዓት ይነገረን።

አስተባባሪ፦ ሁለቱም ይገባሉ። ረቂቁን እስከ ዓርብ እልካለሁ። የአጥንቱን ክፍል ጎንደር፣ የተጎጂ ልጆችን ክፍል ሐዋሳ ይጻፉልኝ። ራዲዮሎጂስት የምታውቁ ደግሞ አገናኙኝ፤ ራጁን የሚያነቡት እነሱ ናቸውና ሳያዩት አንልከውም።