የማያ አፈ ታሪክን ለልጄ በአማርኛ ስጽፍ ምን ልተው?

ጥያቄ፦
ባለቤቴ ከጓቲማላ ደጋ የመጣች የኪቼ ማያ ተወላጅ ናት። የሰባት ዓመት ልጃችን እዚህ ሎስ አንጀለስ የእኔን አገር ተረት እየሰማች ብታድግም፣ የእናቷን ወገን አማልክት የምታውቃቸው ደም የጠማቸው ጭራቆች አድርገው ከሚያሳዩ የካርቱን ፊልሞች ነው። ስለዚህ የመንትዮቹን፣ የሁናፑንና የሽባላንኬን ታሪክ በአማርኛ ልጽፍላት ጀምሬአለሁ። የከበደኝ የአባታቸው ነገር ነው፤ የሺባልባ፣ ማለትም የሙታን አገር ጌቶች ገድለው ራሱን ዛፍ ላይ ካኖሩት በኋላ፣ ያ ራስ ሽኪክ በተባለችው ልጃገረድ መዳፍ ላይ ምራቁን እንትፍ ሲል መንትዮቹን ታረግዛለች። ይህን ለልጅ መተረክ ይገባል?

መልስ 1፦
እባክዎ አይተዉት። ዛፍ ላይ ያለው ራስ ለሽኪክ የሚነግራት፣ አባት ቢሞትም መልኩ እንደማይጠፋና በልጆቹ እንደሚቀር ነው፤ ከሁለት ሕዝብ ለተወለደች ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ቃል አላውቅም። ፍርሃቱን ማቅለል ከፈለጉ የትንኟን ክፍል ያስረዝሙ። መንትዮቹ የላኳት ትንኝ በተርታ የተቀመጡትን ጌቶች ስትነክስ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ የእንጨት ምስል ስለሆኑ ዝም ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን እየጮኹ በስም ሲጠራሩ ምስጢራቸው ሁሉ ይወጣል።

መልስ 2፦
ታሪኩን የያዘውን ፖፖል ቩህን የኪቼ መኳንንት እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ በላቲን ፊደል ጻፉት፤ በ1562 ደግሞ በዛሬዋ ሜክሲኮ በዩካታን፣ ማኒ በተባለ ስፍራ፣ አንድ ስፔናዊ መነኩሴ የማያን መጻሕፍት አቃጠለ። ዛሬ የቀሩት ጥንታውያን የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። የፖፖል ቩህም የተረፈልን ቅጂ በ1700ዎቹ መጀመሪያ በጓቲማላዋ ከተማ በቺቺካስቴናንጎ የተገለበጠው ሲሆን አሁን በቺካጎ ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን መጀመሪያ አማትዎን ይጠይቁ። የመንትዮቹን የአባት እናት ሽሙካኔንም መጽሐፉ ራሱ አያት ይላታልና፣ እርስዎም «አምላክ» ከማለት «አያት» ብለው ይጻፏት።

ጠያቂው፦
ምክራችሁን ተቀብዬ ትናንት አማቴን በስልክ አነጋገርኋት። አያት ሽሙካኔ ሰው የተሠራበትን ቢጫና ነጭ በቆሎ ዘጠኝ ጊዜ እንደፈጨች ስትተርክ፣ ልጄ አቋርጣ «ለዚህ ነው ያነሳሽው?» አለቻት። ባለፈው ዓመት እኛ ዘንድ በመጣች ጊዜ፣ ወለል ላይ የወደቀች አንዲት ፍሬ በቆሎ ጎንበስ ብላ አንስታ፣ አቧራዋን በነጠላ ጣት ጠርጋ ወደ ሳህኑ መልሳት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ ልጄ አልረሳችም። ጽሑፌን ከዚያች ፍሬ እጀምራለሁ፤ የሽኪክም መዳፍ በቦታው ይቆያል።